ግማሽ ሣጥን ወደ ሰሜን ምሥራቅ

ሒሩት መገናኛ ባለው መሥሪያ ቤቷ የየካንና የእንጦጦን የዝናብ ካርታ ፋይሎች ታርማለች። ካርታው አንድ አንድ ኪሎ ሜትር በሆኑ ሣጥኖች የተከፋፈለ ነው። በፋይሉ መግቢያ የሚጻፈው ቁጥር የሣጥኑን ጥግ ሳይሆን መሃሉን ማመልከት አለበት፤ ደንብ ነው። የዛሬውን ፋይል የላከው ሰው የደቡብ ምዕራቡን ጥግ ጽፎ ነበር። እንደ ወትሮዋ ሁሉንም ግማሽ ሣጥን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አስጠጋችና ሻይዋን ጠጣች።

አሥር ሰዓት ላይ ባሏ ፋኑኤል የካ ካለው ሰፈራቸው ከካራ ደወለ።

«ሒሩትዬ፣ ቤታችን የለም። ቦታው ባሕር ዛፍ ነው።»

«ሌላ ቦታ ወርደህ ነው።»

«ስድስት ዓመት የወረድኩበት ነው እኮ!»

የድሮውን ቁጥር መልሳ ጻፈች። ፋይሉ አልቀበል አለ። ደጋግማ ሞከረች፤ እምቢ አለ።

«ሰባት መቶ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሂድ» አለችው። ከሣጥን ጥግ እስከ መሃሉ ያለው ርቀት ነው።

እርምጃውን ስትሰማ ቆየች። ከዚያ የቤታቸው በር ሲንኳኳ፣ ሲከፈትም ሰማች።

«ሒሩት...» አለ ፋኑኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከስልኩ ውስጥ የራሷ ድምፅ መለሰ፦

«አቤት! ከማን ጋር ነው የምታወራው?»