የተዋሰችው ዓይን

ሰፈሩ «ዓይናማዋ» የሚላት ልጅ አንድም ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብባ አታውቅም ነበር።

ሥራዋ ግን ማንበብ ነው። ሰዎች ጽሑፋቸውን የሚለጥፉበት አንድ የብሎክቼን መድረክ ኢንተርኔት ላይ አለ። ጥሩ ጽሑፍ ለይቶ ከሌሎች ቀድሞ ድምፅ የሰጠ አንባቢ፣ ሌላው ከኋላው ሲጎርፍ፣ ወደ ብር የሚመነዘር የክሪፕቶ ሳንቲም ይደርሰዋል። እሷ ድምፅ የሰጠችው ጽሑፍ ሁሉ ብዙ ድምፅ ያገኛል። ተሳስታ አታውቅም።

ምስጢሩ ቀላል ነው። መድረኩ ላይ «ጉጉት» የሚባል አንባቢ አለ። ልጅቷ ገና ስትጀምር አንዲት ቁልፍ ተጭና ሒሳቧን ከጉጉት ኋላ አስከተለችው። ጉጉት ድምፅ ሲሰጥ የእሷም ስልክ በራሱ ይሰጥና ጢው ይላል። የእሷ ድካም ጢው ሲል መስማት ብቻ ነው።

ይህን ማንም አያውቅም። ጎረቤት በመጣ ቁጥር «እንዴት ያለ ዓይን ነው የሰጠሽ!» ይላታል። ስምንተኛ ክፍልን በመከራ ጨርሳ ቤት የቀረች ልጅ ነች። ሲያሞግሷት ጆሮዋ ይግላል፣ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች።

«ትሕትናዋስ!» ይላሉ ደግሞ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ነች። ቤታቸው አንድ ክፍል ስለሆነ እናት መስኮቱ ሥር በስፌት መኪናዋ፣ ልጅ አልጋው ጫፍ ላይ በስልኳ ይውላሉ።

«ከዚህ ስልክ ጋር ተጋብታችኋል ወይስ ገና እየተጫጫችሁ ነው?» ትላለች እናት።

«እማ ደግሞ! ሥራ እኮ ነው።»

«እስቲ ዛሬ ያነበብሽውን አንዱን አውሪልኝ።»

«ብዙ ነው፤ በምን አፌ ልንገርሽ?»

«እውነትሽን ነው። ብዙ ያነበበ ሰው እንዲህ ነው» ትልና መኪናዋን ታንቀጫቅጨዋለች። ጥቂት ሰፍታ ቀጥ ታደርገዋለች። «ይሄ የተረገመ ክር ደግሞ ተበጠሰ!»

ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማሾለክ የልጅቷን አሮጌ ስልክ ታበራለች። ልጅቷ አዲስ ስትገዛ «ለመብራት ይሆነኛል» ብላ የወሰደችው ነው። ክሩ መበጠሱን ሲያበዛ ልጅቷ ባገኘችው ሳንቲም ጠንካራ ክር ገዛችላት። እሱም ይበጠሳል።

አንድ ቀን ጠዋት ጉጉት ድምፅ ከሰጠው ጽሑፍ ሥር አንዲት መስመር ጻፈ። «ጥሩ ነው። መሃሉ ግን ሰፍቷል፤ ይጥበብ።» ልጅቷ ጽሑፉን ትታ መስመሯን ብቻ አነበበች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ጎረቤታቸው የቋንቋ መምህሩ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ መጣ።

«ይሄ ኮት መሃሉ ሰፍቷል፤ ይጥበብልኝ» አለ።

ልጅቷ ክው አለች።

መምህሩ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ዓይናማዋ! ለአንቺም ጉዳይ አለኝ። ቅዳሜ ትምህርት ቤት ትመጪና ጥሩ ጽሑፍ እንዴት እንደሚመረጥ ለተማሪዎቼ ትነግሪልኛለሽ።»

«እኔ? ኧረ ጋሼ...»

«ታዲያ ማን ሊነግራቸው ነው?»

እናት መርፌ በጥርሷ እንደያዘች ፈገግ አለች።

ልጅቷ ማስታወስ ጀመረች። ባለፈው ወር ጉጉት አንድ ሳምንት ሙሉ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። መምህሩ ለፈተና እርማት ሌላ ከተማ የሄደውም ያኔ ነው። በደንብ ትዝ ይላታል፤ እናቷ ገጠር አራስ ልትጠይቅ ሄዳ ስለነበር ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን የማይጮኸውን ስልክ ስታይ ነው የሰነበተችው።

ጉጉት እሱ ነው። ቅዳሜም የሚጠራት አውቆ ነው። በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት «ምን አይተሽ መረጥሽው?» ሊላትና አፏን ሊያሲዛት ነው። ስልኩ ጢው ባለ ቁጥር ሌባ ተብላ የተጠራች ይመስላታል።

ዓርብ ኮቱ አለቀ።

«አድርሺለት» አለቻት እናቷ። «ደግሞ ቀና ብለሽ ሂጂ፤ የጠፋብሽ ነገር ያለ ይመስል መሬት መሬት አትዪ።»

መምህሩ በር ላይ ስትደርስ ቆመችና ስልኳን አወጣች። ያችን ቁልፍ ፈለገች። «ጉጉትን መከተል ይቁም?» አላት ስልኩ። «አዎ»ን ነካች። ከዚያ አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ አልመጣም።»

«ምነው ልጄ?»

«ዓይኑ የኔ አይደለም። የሌላ ሰው ነው። እኔ አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም፤ ስልኩ ነው በራሱ የሚከተለው።» ኮቱን እንደ ሕፃን አቅፋ ቀረች።

መምህሩ ኮቱን ቀስ ብሎ ተቀበላት።

«ባለ ዓይኑስ ያውቃል?»

«አሁን እየነገርኩት ነው» አለች አቀርቅራ።

መምህሩ ግራ ገባው፤ ወይም ግራ የገባው ሰው መሰለ። ኮቱን ለካው። ልክክ አለ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ነይና ይህንኑ ንገሪያቸው» አላት። «ለእኔ እንዳልሽው አድርገሽ።»

ልጅቷ ጆሮዋ እንደጋለ ተመለሰች። ማፈሩስ አፍራለች፤ ግን የተናገረችው ለባለቤቱ ነው፣ እሱም አልተቆጣም። ደጃፋቸው ስትደርስ ቀና ብላ ነበር።

የስፌት መኪናው ድምፅ የለም።

«ክሩ ተበጠሰ እንዴ እማ?»

እናቷ መነጽሯን አድርጋ አሮጌው ስልክ ላይ አቀርቅራ ነበር። ቀና አለች።

«ምን አስቀየምኩሽና ነው ልጄ፣ ዛሬ እኔን መከተል የተውሽው?»