ከሌባው ሳጥን የወጣ መላጊያ

አናጢው አሮጌ ዕቃ ተራ የሚሄደው ለመግዛት ብቻ አልነበረም፤ ለመናቅም ነበር። የላላውን የመዶሻ እጀታ ይነቀንቃል፣ የተጣመመውን መጋዝ በጣቱ ይመታል፣ ከዚያ «ይሄ ዳቦም አይቆርጥ» ብሎ ያልፋል።

የዚያን ቀን ዘግይቶ ደረሰ። የድሮውን የስብሰባ አዳራሽ እያፈረሱ ስለነበር መንገዱ ተዘግቷል። ጣሪያው ወርዷል፤ ጣውላው ጭነት መኪና ላይ ተከምሯል። አናጢው ቆሞ አየና ምራቁን ጢቅ አደረገ።

«ምነው ጋሼ?» አለው አካፋ የያዘ ሠራተኛ።

«ኮርኒሱ የኔ እጅ ነው። የመጨረሻዋን ጣውላ ስመታ መሰላል እንኳ ማንንም አላስያዝኩም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ምስማር አልላላችም! እናንተ መሥራት ቢያቅታችሁ ማፍረስ ተማራችሁ።»

ሠራተኛው ሳቀ። አናጢው አልሳቀም።

ገበያው ውስጥ ዝገቴ የሚሉት ነጋዴ ሸራው ላይ አንድ የእንጨት ሳጥን አስቀምጧል። አናጢው ሳጥኑን ገና ከሩቅ አወቀው። የእህቱ ባል የዕቃ ሳጥን ነው።

«ይሄን ማን ሸጠልህ?»

«ባሏ የሞተባት አንዲት ሴትዮ።»

የእህቱ ባል ከሞተ ዓመት ሆኖታል። አናጢው ቀብር አልሄደም። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሁለቱ አብረው ይሠሩ ነበር። አንድ ትልቅ ሥራ ጨርሰው ዕቃ ሲሰበስቡ፣ አናጢው ከአባቱ የወረሰው የብረት መላጊያ ጠፋ። በቦታው የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። «እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ» አለ አናጢው፤ ፍርዱም በዚሁ አለቀ። ወሬ እንደ አረም ነው፣ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። የእህቱ ባል ሥራ የሚሰጠው ሰው አጥቶ እስኪሞት የቲማቲም ሳጥን ሲመታ ኖረ። እህቱም «ባሌ ሌባ አይደለም» ብላ ከወንድሟ ተቆራረጠች።

አናጢው ሳጥኑን ከፈተ። መሮው፣ መዶሻው፣ ሞረዱ፣ ሁሉም ዘይት በጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል። ከላይ ግን አንድ የብረት መላጊያ ራቁቱን ተጋድሟል። ዝገት በልቶታል፣ አቧራ ለብሷል፣ ጀርባው ላይ የእርግብ ኩስ ደርቆበታል።

«ወይ የሰው ጉድ!» አለ። «የገዛውን በዘይት ያሻል፣ የሰረቀውን ከእርግብ ጋር ያሳድራል። ለሌብነቱም ሰነፍ ነበር።»

«ምን አሉኝ?» አለ ዝገቴ።

«ላንተ አይደለም። ይልቅ ሳጥኑን አሸክመኝ።»

ቤቱ ገብቶ መላጊያውን ፈታታው። ብረቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፎ አሳደረው። በማግስቱ በሽቦ ብሩሽ ፈተገው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ስለቱን የክንዱን ጸጉር እስኪላጭ ድረስ ሳለው። ሲሠራ የማያፏጨው ሰው ያን ቀን አፏጨ። ዝገቱ ሲለቅ ከብረቱ ጎን ሦስት ነጥቦች ብቅ አሉ። አባቱ በሹል ብረት የመቱት ምልክት ነው። ቁራጭ ጣውላ ላይ አንዴ ገፋ አደረገው፤ ፍቅፋቂው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ተጠቅልሎ ወጣ።

ወዲያው መላጊያውን በብብቱ ሸጉጦ ሄዶ የእህቱን በር አንኳኳ።

«ወንድም ጋሼ!» ፊቷ በራ። «ይሄን ቀን አየሁት? ግባ፣ ግባ እንጂ!»

«ልቀመጥ አልመጣሁም።» መላጊያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ታውቂዋለሽ?»

ሦስቱን ነጥቦች በጣቷ ዳሰሰች። «የአባባ ነው! የት ተገኘ?»

«ከባልሽ ሳጥን።»

«ውሸት ነው። ዕቃውን አንድ በአንድ በእጄ ጠቅልዬ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ይሄ አልነበረም።»

«ሌባ የሰረቀውን ለሚስቱ ያሳያል እንዴ? ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ሲያሞኝሽ ነው የኖረው። አንቺም ለሱ ብለሽ የእናትሽን ልጅ ጣልሽ።»

«ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ እጄን ይዞ ‹አልወሰድኩም› ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ይሄ ብረት ክንፍ አውጥቶ ነው ሳጥኑ ውስጥ የገባው?»

መላጊያውን አንስታ አገላበጠችው።

«ባሌ ሌባ ነው በይ» አላት። «ካንደበትሽ ልስማው። ከዚያ ወዲያ ወንድምሽ ነኝ፣ ቤቴም ቤትሽ ነው።»

እህቱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባሏን ፎቶ ብዙ አየችው። ከምስማሩ አወረደችው። «ሌባ ነበርክ ለካ» አለችው፤ ወንድሟን ቀና ብላም አላየችም። ከዚያ የሚነደው ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ሌላ ፎቶ አልነበራትም።

በማግስቱ አናጢው ሳጥኑን ተሸክሞ የዝገቴ ሸራ ላይ አራገፈው። «ውሰድ። የሌባ ዕቃ ቤቴ አያድርም።»

«የተሸጠ አይመለስም፣ ጋሼ!»

«ምን መልስልኝ አልኩህ? በነፃ ውሰደው።»

ዝገቴ ሳጥኑን ከፍቶ ጎረጎረ። «መላጊያውስ?»

«እሱ የአባቴ ነው። ሟቹ ሃያ ስድስት ዓመት ደብቆት ከገዛ ሳጥኑ ያዝኩት።»

«ሟቹ? ኧረ ጋሼ፣ እሱ የሴትዮዋ ዕቃ አይደለም፤ አዳራሹን የሚያፈርሱት ልጆች ‹ኮርኒሱን ስንገነጥል አናታችንን ሊፈነክተን ነበር› ብለው ያመጡልኝ ነው፣ ቦታ ባጣ እዚያ ሳጥን ላይ ወረወርኩት።»