ትርፍ ያልጫነው ሚኒባስ

ስጦታው ጎጃምን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር። የመጣው ከአርባ ምንጭ ነው፤ የሚሄደው ደግሞ ሞጣ፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ሙጀሂድ ሠርግ ላይ። ሠርጉ ነገ ነው። የሙሽራዋ የነጅዋ ሀብልና አምባር ግን እስካሁን ሞጣ አልደረሰም። በስጦታው የጀርባ ቦርሳ ውስጥ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ካለው ወርቅ ቤት ተቀብሎ እንዲያመጣ አደራው የተጣለው እሱ ላይ ነው።

ሙጀሂድ በስልክ ደጋግሞ አስጠንቅቆታል።

«ቦርሳህን ከጭንህ እንዳታወርድ። ደግሞ ተዘጋጅ፤ ከቢቸና ሞጣ ያለው ሚኒባስ ሰው በሰው ላይ ነው የሚጭነው። ጉልበትህ አገጭህ ድረስ ይመጣል። ሹፌሮቹ ይበራሉ፤ ቢቆጡህም መልስ አትስጥ።»

ስጦታው ቢቸና መናኸሪያ ሲደርስ ግፊያና ቁጣ ሊገጥመኝ ነው ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ መሀል ወንበር ላይ ተቀመጠና ቦርሳውን ታቀፈ። እንደ ልማዱ ደብተሩን አውጥቶ ያለፈባቸውን ከተሞች ስም መጻፍ ጀመረ። አጠገቡ እማማ ወለተ ኢየሱስ የሚባሉ አሮጊት ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ ሞጣ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ እንደሚሄዱ ሳይጠየቁ ነገሩት።

«አንተስ ልጄ፣ ምን ትጽፋለህ?»

«እንዲሁ ነው እማማ። የአገሩን ስም።»

«ጻፍ፣ ጻፍ» አሉትና ውሃ ልግዛ ብለው ወረዱ።

ተመልሰው ሲቀመጡ ሹፌሩ ይስማው ከኋላቸው መጣ። አርባውን ያለፈ፣ ድምፁ የሻከረ ሰው ነው። ስጦታውን አየው። ደብተሩን አየ። ቦርሳውን ደግሞ ረዘም አድርጎ አየው።

«ተመቸዎት ጌታዬ?»

ስጦታው ገና ሠላሳ አልሞላውም። በሕይወቱ «እርስዎ» ያለው ሹፌር የለም።

«ቦርሳውን ከላይ ልጫንልዎት?»

«አይ፣ እዚሁ ይሁን።»

«እንደፈቀዱ» አለ ይስማው። ከዚያ ዞር ብሎ፣ በመቀመጫዎቹ መሀል ጣውላ አጋድመው የተቀመጡትን አራት ሰዎች አስወረዳቸው። ሰዎቹ አጉረመረሙ። እሱ ጣውላውንም አብሮ አወረደው።

ስጦታው ደብተሩን ዘጋ።

ሚኒባሱ ከከተማው ወጣ። ግን አይበርም፤ ይሳባል። ሁለት አይሱዙ ቀደማቸው። ቀጥሎ ገለባ የጫነ ባጃጅ ቀደማቸው፤ ባለባጃጁ ሳይገረም አልቀረም፣ አንገቱን አዙሮ አያቸው። ደብረ ወርቅ ላይ አምስት ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። ይስማው በመስታወቱ ስጦታውን አየት አደረገና፣ ራሱን ነቅንቆ አለፋቸው።

ትርፍ ሰው የማይጭን የሞጣ ሹፌር። ስጦታው ነገሩን ገጣጠመው። የሚያዘግመው ሰዓት ሊገድል ነው። ሰው የማይጭነው ምስክር እንዳይበዛበት ነው። በቦርሳው ያለውን ከየት እንዳወቀ ባይገባውም፣ ማወቁን አልተጠራጠረም።

ትንሽ እንደሄዱ የይስማው ስልክ ጮኸ። መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና ወርዶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ አወራ። የስጦታው መስኮት ክፍት ነበር።

«አዎ፣ ከኔው ጋር ነው… መሀል ላይ፣ ቦርሳ የታቀፈው… አይ፣ እስከ ሞጣ ምንም አላደርግም። ለሌሎቹም ንገራቸው። ተዘጋጅተው ይጠብቁ።»

ስጦታው ቦርሳውን ወደ ደረቱ ሳበ። ወርቁ ከጠፋ ምን ብሎ ሙሽራዋ ፊት ይቆማል? ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ሀብሉን በአንዱ ካልሲ፣ አምባሩን በሌላው ከተተ። ከዚያ ለሙጀሂድ ጻፈ፦ «ተከብቤያለሁ። መናኸሪያ ሰው ይዘህ ጠብቀኝ።»

«ምን ሆነሃል ልጄ? ላብ አጠመቀህ» አሉት እማማ ወለተ ኢየሱስ። ጣውላው በነበረበት ቦታ እግራቸውን ዘርግተው ሲያንቀላፉ ነው የቆዩት።

«የሹፌሩ ነገር አላማረኝም» አለ በሹክሹክታ።

«አይዞህ። ዛሬ ጨዋ ሆኖ ነው የሚውል» አሉና ተመልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በመላው ሚኒባስ የሚያዝንለት ሰው በማግኘቱ ስጦታው ትንሽ ተጽናና።

ሞጣ የገቡት ከቀትር በኋላ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ሙጀሂድ ከሰባት ዘመዶቹ ጋር ቆሟል። አጎቱ አብዱራዛቅ ዱላቸውን ጨብጠዋል። ይስማው ሰዎቹን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ቶሎ ወርዶ በሩን ከፈተና የስጦታውን ክንድ ያዘ።

«ጌታዬ፣ ሪፖርቱ ላይ እንዳይጎዱኝ። አዩኝ፤ ትርፍ አልጫንኩም፣ ፍጥነት አላበዛሁም። የልጆች አባት ነኝ።»

«የምን ሪፖርት?»

«ከትራንስፖርት ቢሮ በስውር የተላኩ ተቆጣጣሪ አይደሉም?»

ስጦታው በካልሲው ውስጥ በሚቆረቁረው ወርቅ ላይ ቆሞ አየው።

«እኔ?» አለ። «እኔ ሚዜ ነኝ።»

አብዱራዛቅ ዱላቸውን አወረዱ። ሙጀሂድ ሳቁ አላስቆመው ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይስማው ግን አልሳቀም፤ ደብረ ወርቅ ላይ ትቷቸው ያለፋቸው አምስት ሰዎች ትዝ ሳይሉት አልቀሩም። እነሙጀሂድ ንዴቱ እስኪበርድለት ጠብቀው ለነገው ሠርግ ጠሩት።

እማማ ወለተ ኢየሱስ ባጃጅ ውስጥ ተደላድለው ተቀምጠው፣ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ቢቸና ላለች እኅታቸው ያወሩ ነበር፦ «እግሬን ዘርግቼ፣ ተኝቼ ነው የመጣሁ፤ ነገ አንቺም ስትመጪ አገሩን የማያውቅ እንግዳ ፈልጊና፣ ከመንግሥት የተላከ ነው ብለሽ ለሹፌሩ ሹክ በይው።»