አብሮ ማወቅ

አስናቀ የቀዛፊውን የኑርሑሴንን ታንኳ በጫማው ይረግጠዋል፤ ከደንገሉ ውስጥ ውሃ ቡልቅ ይላል። «ሌሊት ካልተቀዘፈ ምን አረጠበው?» አስናቀ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነው። ከፔዳ ኮሌጅ የጠፋውን ተማሪ በሐይቁ ወደ ዘጌ ያሻገርኸው አንተ ነህ እያለ የኑርሑሴንን እጅ በገመድ ያስራል። ባለፈው ወር እንዲህ ታስሮ የሄደ ሰው እስካሁን አልተመለሰም።

ኑርሑሴን ተኝቼ ነበር ይላል። ታንኳ ከሐይቅ ሲወጣ ተንጠፍጥፎ እንዲደርቅ ቀጥ ተደርጎ ይቆማል። እሱ ታንኳውን ሳያቆም ገብቶ አያውቅም።

ያላቆምሁት እኔ ነኝ። ሴት ታንኳ አትቀዝፍም ሲሉኝ እልህ ይዞኝ፣ ትናንት ሲመሽ ሳላስፈቅድ ወሰድሁት። ስመለስ ማቆሙ ቢከብደኝ ውሃው ዳር እንደተንጋለለ ትቼው ገባሁ። ያየኝ የለም።

ከጎኔ የተቀመጡት የኔታ ወልደ ዮሐንስ ትምህርታቸውን አላቋረጡም። ሲፈሩ እንዲህ ናቸው፤ ያስተምራሉ። ግሪክ አገር ተምረው ስለመጡ፣ ህሊናን ግሪኮች ምን ይሉታል ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ሲኔዴሲስ» ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አብሮ ማወቅ ማለት ነው።»

«ከማን ጋር?» እላለሁ ዓይኔን ከገመዱ ሳልነቅል። «ሰው ብቻውን ቢያውቅ ምን ይጎድልበታል?»

«ብቻውንማ አያውቅም፣ ልጄ። ሲሠራ ቆሞ የሚያየው እሱው ራሱ አለ። ያ ምስክር ደግሞ እንዳንቺ ነው፤ ዝም በል ቢሉት አይሰማም።»

እነሣለሁ።

«አስናቀ፣ ታንኳውን የወሰድሁት እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች ያየኛል። ሴት ታንኳ መቅዘፍ ከመቼ ወዲህ ነው ብሎ ይስቃል። እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ ያልተለወጠ ነገር የለም እኮ፣ እለዋለሁ። ሳቁ ይቀራል።

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን አስለፈለፈሽ?»

የኔታን አየት አደርጋለሁ። እሳቸው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

አስናቀ ገመዱን ይፈታና ቅደሚ ይለኛል። ኑርሑሴን እጁን እያሻሸ፣ መጀመሪያ ታንኳዬን ትያዝልኝ ይላል፤ በድምፁ ቁጣም ምስጋናም የለም። እሱ ጫፉን ያነሣል፣ እኔ ሥሩን እደግፋለሁ። ታንኳው ቀጥ ሲል ያደረበት ውሃ በክንዴ ቁልቁል እየወረደ ቀሚሴን ያረጥበዋል። አስናቀ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ይጠብቀኛል።