ያልተጻፈው አድራሻ

የክፍሉ ኃላፊ የታካሚዎች ቀጠሮ የሚያዝበትን ድረ ገጽ ወደ አዲሱ ሰርቨር፣ ገጹን ወደሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ገልብጦ ሲያበቃ፣ የሠራችውን ፕሮግራመር በጎን አያት። «የአዲሱን ሰርቨር አድራሻ ፕሮግራሙ ውስጥ በእጅሽ ጻፊ ብዬሽ ነበር። አሁን አንድ ሊንክ አልከፈት ቢል፣ ነገ እዚህ ወንበር ላይ አላይሽም።»

«አልጽፍም አልኩ፣ አልጻፍኩም» አለች እጇን አጣጥፋ። «ገጹ በተዘዋወረ ቁጥር ሰው ከሚነግረው፣ ያለበትን ራሱ ቢያውቅ ይሻላል።»

«ፕሮግራም ደግሞ አፍ አውጥቶ ሰፈሬ የት ነው ይላል?» ብሎ ሳቀና ማውሱን ተጫነ። ገጹ ተከፈተ፤ አናቱ ላይ አዲሱ አድራሻ ጉብ ብሏል። ሁለተኛውን ሊንክ ተጫነ፣ ሦስተኛውን፣ ከዚያ እልህ ይዞት የቀሩትን ሁሉ። አንዱም እምቢ አላለም።

«አድራሻውን ማን ነገረው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሰርቨሩን ጠየቀው፣ ጋሼ» አለች። «ፕሮግራሙ ለመጠየቅ አያፍርም።»