የሚጢጢ ሌላኛው ጎን

«አልሸሹም ዞር አሉ» ይላሉ ጋሼ፣ የሬዲዮ ቴሌስኮፑ ግዙፍ ዲሽ ከጋላክሲዋ ላይ ተነስቶ ወደ ባዶው ሰማይ ሲዞር በመስኮቱ እያዩ። «ልጄ፣ ሰው የሚፈልገውን ትቶ ጎኑን ያያል እንዴ?»

«ያያል፣ ጋሼ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ጋሼ የምርምር አማካሪዬ ናቸው፤ ይህ የጠፈር ምርምር ማዕከል ከተከፈተ ጀምሮ እዚህ ሠርተዋል። ጋላክሲዋ ደግሞ ጎረቤታችን ናት፣ በጣም ትንሽ። ስሟ ደረቅ ቁጥር ስለሆነብኝ ሚጢጢ ብያታለሁ። ጋዟ የሚልከውን የሬዲዮ ሞገድ ስከታተል ሦስት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ «ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የምትሰሚው» እያለ ያማርራል፤ እውነቱን ነው።

ከኋላችን ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጋሼ በወጣትነታቸው የሳሉት፣ የሚጢጢን ሞገድ ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ መስመር አለ። አንድ ጉብታ ብቻ አለው። የምትዞር ጋላክሲ ግን ሁለት ጉብታ ታሳያለች፤ አንዱ ወደ እኛ የሚመጣው ጎኗ፣ ሌላው ከእኛ የሚሸሸው። ጉብታዋ አንድ ስለሆነ አትዞርም ብለው ጻፉ፤ ስማቸውም የታወቀው በዚሁ ጽሑፍ ነው። ከመስመሩ ቀጥሎ «አትሰርዙ» ይላል። ጠመኔው በደበዘዘ ቁጥር ራሳቸው ያደምቁታል፣ የጽዳት ሠራተኞቹም ዙሪያውን ብቻ ይወለውላሉ።

እኔ ትዞራለች ባይ ነኝ። አንገቴን ለካራ እሰጣለሁ። ዛሬ ካላሳየሁ ግን ነገ ዲሹን ሌላ ቡድን ይረከበዋል፣ ጋሼም የምርምር ርዕሴን እንደሚዘጉት ቁርጡን ነግረውኛል።

የሚጢጢ መዘዝ ቅርበቷ ነው። የአንደኛው ጎኗ ሞገድ ከራሳችን ጋላክሲ፣ ከፍኖተ ሐሊብ ሞገድ ጋር ይደባለቃል። ያኔ ልማዱ የፍኖተ ሐሊብ ሞገድ ያለበትን ክፍል ቆርጦ መጣል ነበር። ጋሼም ቆርጠው ጣሉ። ገለባውን ሲያበጥሩ እህሉን አብረው ደፉት።

እኔ አልቆርጥም። ዲሹን በዙሪያዋ ወዳለው ባዶ ሰማይ አዙሬ የእኛን ጋዝ ብቻ እለካለሁ፤ ከዚያ ከእሷ ላይ እቀንሰዋለሁ። የሚቀረው የራሷ ነው።

«የእኛ ጋዝ እኮ እዚህም እዚያም እኩል አይደለም» ይላሉ ጋሼ።

«ለዚህ አይደል በአራቱም ጎኗ የለካሁት?»

«ምላስሽ ደግሞ!»

ኮምፒውተሩ እንዲቀንሰው ቁልፉን እጫናለሁ። ስክሪኑ ላይ፣ ድሮ ተቆርጦ በተጣለው ቦታ፣ ሁለተኛ ጉብታ ብቅ ይላል። ጋሼ ወንበራቸውን ያስጠጋሉ።

«ትራፊ ነው» ይላሉ። «የእኛው ጋዝ ሳይቀነስ የቀረ።»

ይህን እንደሚሉ ስለማውቅ መልሱን አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። «እንግዲያው ጫፍና ጫፏን እንያት። የእኛ ጋዝ ከሆነ ዲሹ ትንሽ ፈቀቅ ስላለ ብዙም አይለወጥም።»

ዲሹን ወደ አንደኛው ጫፏ ፈቀቅ አደርገዋለሁ። እንጠብቃለን። የድሮው ጉብታ ዝቅ ይላል፣ አዲሱ ከፍ። ወደ ሌላኛው ጫፍ እመልሰዋለሁ። አሁን ደግሞ አዲሱ ዝቅ፣ የድሮው ከፍ። አንዱ ጎኗ እየመጣ ሌላው እየሄደ ነው።

«ትዞራለች» እላለሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፣ ያደርጉታል፣ እንደገና ያያሉ። የምለውን ሁሉ ለዚህች ሰዓት አዘጋጅቼ ነበር፤ አሁን ግን አሳዘኑኝ።

በመጨረሻ ተነስተው ወደ ሰሌዳው ይሄዳሉ። መስመራቸውን ሊያጠፉት መስሎኝ «ኧረ ይተዉት ጋሼ» እላለሁ። አያጠፉትም። ጠመኔ ያነሱና ድሮ ካቆሙበት ይጀምራሉ፣ ሁለተኛውን ጉብታ ወደ ላይ እየሳቡ። «አትሰርዙ» የሚለው ቃል ልክ መንገዱ ላይ ነው። እጃቸው ለአፍታ ይቆማል። ከዚያ ቃሉን በኮታቸው እጅጌ ይጠርጉትና መስመሩን ይቀጥላሉ።