የመግቢያው ትንፋሽ

ጥዑመ ልሳን ባንዱን የሚመራው በትንፋሹ ነው። በባንዱ ውስጥ ያለውን ብቸኛ ቴነር ሳክስፎን አፉ ላይ አድርጎ አየር በረጅሙ ሲስብ፣ አሥራ ስድስቱ ሙዚቀኞች አብረውት ወደ ዜማው ይገባሉ። የመጀመሪያው የጃዝ አልበሙ ሊያልቅ አንድ ዜማ ቀርቶታል፤ ጣና ዳር የተከራዩትን ስቱዲዮ ደግሞ ዛሬ ያስረክባሉ። ሙዚቀኞቹ ግን ከጠዋት ጀምሮ እየቀደሙት ይገባሉ።

«ለመሆኑ ባንዱ የማን ነው?» አለ።

«ጋሼ፣ ሲተነፍሱ ሰምተን እኮ ነው» አለ ትራምፔት ነፊው ሀዲስ።

«ገና መቼ ተነፈስሁ?»

«እንግዲያው ከሐይቁ የመጣ ጉማሬ ይሆናል።»

ሁሉም ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ እግሩ ወለሉን መምታት አላቆመም።

«በሉ ያለ እኔ ግቡ» አለና ሳክስፎኑን እንደታቀፈ ወጣ። ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ጀርባ፣ ከድምፅ ቀራጯ ከወንጌላዊት አጠገብ ቆሞ ማዳመጫ አጠለቀ። ትንፋሹን ዋጠ፤ አፉንም በመዳፉ ከደነ።

ማዳመጫው ውስጥ አየር በረጅሙ ተሳበ። ባንዱ እንደ አንድ ሰው ገባ። እንዲህ አምሮላቸው አያውቅም።

«አሁን ገና መጣ» አለች ወንጌላዊት፣ ዓይኗን ከመሣሪያው ሳታነሣ። «ቴነሩን ትንሽ ከፍ ላድርግልዎት፣ ጋሼ?»